ሥጋ የማይነካው ድስት

ባለፈው ሳምንት ኢክራም ቤቴ መጥታ፣ ጓዳዬ ጥግ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ያስቀመጥኩትን ትልቁን የመዳብ ድስት ገልጣ በጣቷ አንጓ ኳ ስታደርገው፣ ድስቱ ሊናገር ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ረጅምና ወፍራም ድምፅ አሰማ፤ እኔም የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ ሳላስቀምጥ ያን ድምፅ ተከትዬ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ። ኢክራም የመጣችው ድስቱን ፈልጋ ነው። በከተማችን የጥንት ግንብ ውስጥ ያለውን የአባቷን አሮጌ ቤት አድሳ የእንግዳ ማረፊያ ልታደርገው ነው፤ ግድግዳው ላይ ሰፌዱንና ሳህኑን ሰቅላ ጨርሳለች፣ መሐል ላይ የሚሰቀል አንድ ትልቅ ነገር ቀርቷታል። ድስቱ የአባቷ አክስት የነበሩት የአባይ ሰኪና ስለሆነ የቤተሰብ ዕቃ ነው ብላ አስባለች። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ በምትኩ አዲስ ድስት ከነክዳኑ ልትገዛልኝ ቃል ገባች። እኔ ግን በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ሦስቴ ተመልሼ የምነካ፣ ልጆቼ ትንሽ ሲያስላቸው ከዶክተሩ በፊት የምታመም ፈሪ ሴት ነኝና፣ እሺም እምቢም ሳልል ነገ ተመለሺ አልኳት።

መልሱን ግን ገና ድስቱ ሲጮህ አውቄው ነበር።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ውስጥ፣ ከአባይ ሰኪና ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አባይ የሚባለው በእነሱ ቋንቋ፣ በአደርኛ፣ ትልቅ ሴት የምትጠራበት የአክብሮት ስም ነው፤ እኛም ክርስቲያኖቹ እንደዚያው እንጠራቸው ነበር። ረጅምና ቀጭን ሴት ነበሩ፤ ጸጉራቸውን ከጆሯቸው ኋላ ሁለት ቦታ ጠቅልለው በስስ መረብ ያስሩታል፣ ከቀሚሳቸው ሥር የሚለብሱት ሱሪ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በቀለም ክር የተጠለፈ ነበርና እኔ በልጅነቴ የዓለም ቆንጆ ልብስ እሱ ይመስለኝ ነበር። ሲቆጡ በሦስት ቋንቋ ነው የሚቆጡት፤ ዶሮዎቻቸውን በአደርኛ፣ እንጨትና ወተት የሚያመጡትን ሴቶች በኦሮምኛ፣ እኛን በአማርኛ። ዶሮዎቹ አማርኛ እንዳይማሩ እጠነቀቃለሁ ይሉ ነበር፣ ከተማሩ እኛን ለገላጋይነት ይጠሩብኛል ብለው ነው መሰለኝ።

በዚያ መንገድ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ግድግዳ ለግድግዳ ነበርን። የአንዱ ሽንኩርት ሲቁላላ የሌላው ዓይን ያነባል። አንድ ነገር ብቻ አይነካካም፣ እሱም ሥጋ ነው። እነሱ የእኛን እርድ አይበሉም፣ እኛም የእነሱን አንበላም፤ ሥጋ የተቀቀለበት ዕቃም እንደ ሥጋው ነው። ይህ የጠብ ነገር አልነበረም፤ በሠርግ ላይ ሁለት ዳስ ይጣላል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ሳቁ ግን አንድ ነው። ችግሩ የሚመጣው ለቅሶ ላይ ነበር። ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም፣ ትልቅ ድስት ደግሞ በዚያ መንገድ ያላቸው አባይ ሰኪና ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን ከክርስቲያኖቹ አንዲት አራስ ሞተችና አባይ ድስታቸውን ተሸክመው ለንፍሮ ይሁናችሁ ብለው ለቅሶ ቤት ድረስ መጡ፤ ሴቶቹም ተነስተው ሳሟቸው፣ አመሰገኗቸው፣ ግን ድስቱን የተቀበላቸው የለም። ሁሉም ሥጋ እንደተቀቀለበት ያውቃል። እናቴ እንደምትለው አባይ እዚያው በራፍ ላይ ድስቱን እንደታቀፉ ብዙ ቆሙ፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በሳምንቱ ትልቁ ገበያ ጊደር መጋላ ወርደው ይህን አሁን እኔ ጋ ያለውን የመዳብ ድስት ገዙ፤ ቤት ሲገባ የግቢውን ሴቶች ሁሉ ጠርተው እዩልኝ፣ ይህ ድስት ሥጋ አያውቅም፣ እኔ ሳለሁም አያውቅም አሉ።

ከዚያ በኋላ ያ ድስት ያልገባበት ቤት አልነበረም። በሙስሊሞቹ በዓል በአሹራ የልጆች ገንፎ ይገነፋበታል፣ በሁዳዴ የእኛ ምስር ይንተከተክበታል፣ በረመዳን ያለሥጋ የተሠራ ሾርባ ይወጣበታል። ድስቱ ከፊታችን ከመጣ ምግቡ የማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም ነበር፤ እኛ ልጆች ደግሞ ከድስቱ ሥር የሚፋቀውን ለመብላት ሁለት ሃይማኖት መሆናችን ጠቀመን፣ የዓመቱ በዓል እጥፍ ሆነልን።

እኔ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አባይ ታመሙ፤ ሲብስባቸው ሼኹን አስጠሩ። ወሲያ ሊያደርጉ ነው ተባለ፤ በእነሱ ኑዛዜ ማለት ነው። ልጅ አልነበራቸውም፣ ወራሻቸው የወንድማቸው ልጅ ኢድሪስ ነው። እኔ በራፉ ላይ የሰዎቹን ጫማ እንድጠብቅ ተቀምጬ ነበርና፣ ማን ጫማ እንደሚሰርቅ ባላውቅም፣ ሁሉን ሰማሁ። አባይ ቀይ ቀለም በተቀባው ከፍ ያለ መደብ ላይ ትራስ ተደግፈው ነበር። ሁለት ምስክሮች በአንድ በኩል፣ ኢድሪስ በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። ሼኹ ቀለምና ወረቀታቸውን አዘጋጅተው፣ ሰው ከንብረቱ በኑዛዜ መስጠት የሚችለው እስከ ሲሶ ብቻ እንደሆነ፣ ሲሶውም ቢሆን ብዙ እንደሆነ፣ የቀረው የወራሽ መሆኑን ረጋ ብለው አስረዱ። አባይም ከሲሶዬ ይህን ይህን ለመስጊድ ውሃ፣ ይህን ለድኾች አሉና በመጨረሻ፣

«የመዳቡን ድስት ደግሞ ለመንገዱ።»

ኢድሪስ ብድግ አለ። «ለመንገዱ ማለት ምን ማለት ነው አክስቴ? ድስት እኮ የቤት ዕቃ ነው፤ ከቤቱ ጋር ነው የሚሄደው።»

«ገና አልሞትኩም ኢድሪስ። ዕቃዬን ቀስ ብለህ ቁጠር።»

ምስክሮቹ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። አባይ ቀጠሉ፤ ድስቱ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ወቅፍ፣ ማለትም ባለቤት የሌለው የጋራ ስጦታ፣ እንዲሆን፣ እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይ፣ እንዳይወረስ፣ ሥጋ እንዳይነካው፤ የሚወስደው ሰው ምን ሊያበስል እንደሆነ ብቻ እንዲጠየቅ፣ ሌላ ምንም እንዳይጠየቅ። የሚያስቀምጠውም የልብስ ሰፊው ሚስት ጥሩነሽ ትሁን አሉ። ጥሩነሽ እናቴ ናት። በዚህ ጊዜ ኢድሪስ ብቻ ሳይሆን ምስክሮቹም ዞሩ። ክርስቲያን ከሙስሊም አይወርስም እኮ አለ አንዱ። ሼኹ ቀለማቸውን አስቀምጠው፣ «አይወርስም፤ ኑዛዜ ግን ውርስ አይደለም። እንዲያውም ኑዛዜ ለማይወርስ ሰው ነው። የሚወርሰውንማ አላህ ራሱ ድርሻውን ሰጥቶታል» አሉ።

አባይም ምክንያታቸውን ነገሩ፤ ያን ምክንያት ዛሬም ሳስበው ስድስተኛ ክፍል ያቆምኩት እኔ ቀርቶ ብዙ የተማረ ሰው የሚያስበው አይመስለኝም። «ሙስሊሞቹ ጥሩነሽ ቤት ገብተው ድስት ለመጠየቅ አያፍሩም። ክርስቲያኖቹ ግን ኢድሪስ ቤት ገብተው ለመጠየቅ ያፍራሉ። ሰው የሚያፍርበት ቤት የተቀመጠ ሰደቃ ተቀበረ ማለት ነው።»

እናቴ ተጠራች። ልብስ እያጠበች ስለነበር እጇ ላይ የሳሙና አረፋ ነበር። ሼኹ ይቀበላሉ ወይ ሲሏት ደንግጣ፣ «እኔ እኮ ማንበብ አልችልም» አለች።

«ድስት አይነበብም» አሉ አባይ።

ሼኹ ሊጽፉ ጎንበስ ካሉ በኋላ ቀና ብለው፣ ቃሉ ቢጣስስ ብለው ጠየቁ። አባይ፣ «የጣሰው ያጽዳው» አሉ። ይህም ተጻፈ። ወረቀቱ በዐረብኛ ነው፤ እናቴ ከክርስትና ወረቀቴ ጋር በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠችው፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። አባይ በዚያው ወር አረፉ።

አሁን የምናገረው የእኔን ጥፋት ነው። አሥር ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ምስር ልትገዛ ጊደር መጋላ በሄደችበት ቀን ኢድሪስ መጣ። በአንድ እጁ በወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ ሐልዋ ይዟል። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጁን ወልዳለት ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል፤ ለሕፃኗ አቂቃ ሰው ጠርቻለሁና ድስቱን ስጪኝ አለ። አቂቃ ማለት ለተወለደ ልጅ በግ የሚታረድበት ድግስ መሆኑን በዚያ መንገድ የማያውቅ ድመት እንኳ አልነበረም። እኔም አውቃለሁ። ግን ሐልዋው አፌ ውስጥ ነበር፣ ጥያቄው ደግሞ አፍ ይፈልጋል። ጨርቁን አንስቼ ውሰድ አልኩት።

በማግስቱ ድስቱ እንደ መስታወት ታጥቦ ተመለሰ። ሳስቀምጠው ግን ከሥሩ የጮማ ሽታ መጣ። እናቴ ማን ወስዶት ነበር፣ ለምንስ ብላ ስትጠይቀኝ ኢድሪስ ነው፣ ሩዝ ነው አልኳት። ሩዝም ነበረበት፣ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማንም ድስቱን እንዳይጠይቅ በሁለቱም ሃይማኖት ጸለይኩ፤ ለመስጊዱም ለቤተክርስቲያኑም ተሳልኩ።

በአሥረኛው ቀን የመንገዱ አናጢ ሞተ። ክርስቲያን ነው፣ ጊዜውም ሁዳዴ ነው። ድስቱ ወጣ። እኔ በአጥሩ ጥግ ቆሜ ምስሩ ሲንተከተክ፣ በርበሬው ሲቀላ፣ ለቀስተኛው ከቀብር ተመልሶ በረድፍ ሲቀመጥ አያለሁ። ካህናቱ መጡ። እናቴ ጭልፋውን አነሳች። ያን ጊዜ እግሬ እንዴት እንደሄደ አላውቅም፣ ቀሚሷን ይዤ፣ «እማዬ፣ ሥጋ ነክቶታል» አልኳት።

«መቼ?»

«የኢድሪስ ልጅ አቂቃ ጊዜ።»

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እናቴ ከእኔም የባሰች ፈሪ ነበረች፤ ከባለሱቅ ጋር እንኳ በዝቅተኛ ድምፅ ነው የምትከራከረው። ያን ቀን ግን ጭልፋውን ከነወጡ መልሳ ድስቱ ውስጥ ከተተችና ዳሱ እስኪሰማ ድረስ፣ «ይህ ወጥ አይበላም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጠባቂዋ እኔ ነኝ» አለች። ከለቀስተኛው መሐል ከአባቴ ዘመዶች አንዲት ሴትዮ፣ ድሮም የእስላም ዕቃ ቤት አስገብቶ እዚህ መድረስ ነው ስትል ሰማኋት። እናቴም ሰማች። «ዕቃው የእስላም ነው፤ አደራው የኔ ነው። አስገብቼዋለሁ፣ አላወጣውም» አለቻት፣ ሳትዞር።

ምስሩን ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ተካፍለው ወሰዱት፤ ለእነሱ ምንም ችግር የለበትም፣ እንዲያውም ጨው አነሰው ተባለ። በምትኩ ከየቤታቸው ዳቦና ተምር አወጡ፤ አናጢው በሕይወቱ ተምር ቀምሶ የማያውቅ ሰው ነበርና ለቀስተኞቹ በእሱ ለቅሶ ተምር እየበሉ ፍሬውን የት እንደሚጥሉ ተቸግረው በኪሳቸው ይዘው ሄዱ።

ወሬው ኢድሪስ ጋ ለመድረስ የአንድ ጠባብ መንገድ ርቀት ነው የቀረው። በማግስቱ ሼኹን ይዞ ግቢያችን መጣ፤ ቃሉ ስለፈረሰ ኑዛዜውም ፈርሷል፣ ድስቱ ለወራሽ ይመለስ አለ። ሼኹ ቆመው ሰሙትና፣ «የጣሰው ያጽዳው ነው የተባለው እንጂ የጣሰው ይውሰደው አልተባለም» አሉ።

«ልጅቷ ናት ሳትጠይቅ የሰጠችኝ።»

«እሷ ልጅ ናት። አንተ ግን ኑዛዜው ሲነገር እዚያው ተቀምጠህ ሰምተሃል፣ ኢድሪስ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ሐልዋውን በልተሻል።»

ስለዚህ ሁለታችን ተፈረደብን። የመዳብ ድስት ውስጡ ነጭ ቅብ አለው፤ ያ ቅብ በእሳት ወርዶ በአዲስ ይተካል። ድስቱን ኢድሪስ በአንድ ጆሮው፣ እኔ በሌላው ይዘን እስከ ብረት ሠሪው ድረስ ተሸከምነው፤ እሱ ረጅም እኔ አጭር ስለሆንን ድስቱ ወደ እኔ እያዘነበለ ጉልበቴን ይመታኛል፣ በየበሩ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወዴት ነው ይለናል፣ ኢድሪስ እርምጃውን ያፈጥናል። ብረት ሠሪው አሮጌውን ቅብ በእሳት ሲያወርደው፣ የጮማው ሽታ በጢስ መልክ ሲወጣ፣ ኢድሪስ ፊቱን አዙሮ ቆመ። ስንመለስ ግን ግንቡ ሥር ድስቱን አሳርፎ ላቡን ጠረገና፣ «አየሽ፣ አክስቴ ሞታም ታሠራኛለች» አለኝ። ከዚያ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከፍርሃት ይሁን ከድካም አላውቅም። በማግስቱ የንስሐ አባታችን መጥተው ድስቱን ጠበል ረጩት፤ እሳት ያየ ዕቃ ንጹሕ ነው አሉ። ሼኹም በበሩ ሲያልፉ ቆም ብለው ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን ልታበስሉበት ነው ብዬ ያልጠየቅሁት ሰው የለም፤ ልጆቼ ሳይቀሩ ከቤት ውሃ የሚጠጡበት ብርጭቆ ሲያነሱ ለምን እንደሆነ ትጠይቂናለሽ እያሉ ይስቁብኛል።

እናቴ ስትሞት ድስቱ ለእኔ ተላለፈ። ሲተላለፍ ትልቅ ነገር አልተባለም፤ የብስኩቱን ቆርቆሮና ነጩን ጨርቅ በእጇ አመለከተችኝ፣ በቃ።

ኢክራም ቃሏን ጠብቃ በማግስቱ ተመለሰች። ልጄ ጠዋት፣ እማዬ ስጫትና ይህ ጣጣ ይልቀቅሽ ብላኝ ነበር የወጣችው። እኔ ግን ቆርቆሮውን ከፍቼ ወረቀቱን ለኢክራም ሰጠኋት፤ እሷ ዐረብኛ ታነባለች፣ እኔ አላነብም። ቀስ ብላ፣ አንዳንዱን ሁለቴ እየደገመች ወደ አማርኛ እያመጣች አነበበችልኝ። አንድም ቃል አልተቀየረም፤ እኔ በራፍ ላይ ሆኜ የሰማሁት ወረቀቱ ላይ እንዳለ ነበር። ስትጨርስ የአባቷንና የእኔን ጉዞ ነገርኳት። የማን አቂቃ እንደነበርም ነገርኳት፤ ያቺ ሕፃን ራሷ ኢክራም ነበረች።

ብዙ ሳቀች። ከዚያ፣ «እንግዲያስ ድስቱን ያረከስኩት እኔ ነኛ፣ እትዬ አስካለ» አለች።

«አልረከሰም። ሥጋው ሐላል ነበር። ቃል ነው የተጣሰው።»

«እሺ፣ አልሸጠውም እኮ። ግድግዳ ላይ ሰቅዬ የአባይን ታሪክ ከሥሩ እጽፋለሁ። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ መልካምነታቸውን ያያል። እዚህ ጨርቅ ለብሶ ማን ያየዋል?»

ቅን ሆና ነው የተናገረችው፣ ለዚህም ነው መልሱ የከበደኝ። «መልካምነታቸው ሆዱ ውስጥ ነው፣ ጀርባው ላይ አይደለም» አልኳት። «ለእንግዶችሽ ገንፎ ልትሠሪበት ከፈለግሽ ዛሬውኑ ውሰጂው፣ ማታ ታጥቦ ይመለስልኝ። ልትሰቅይው ከሆነ ግን አልሰጥም።»

ድምፄ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ። ኢክራም አልተቆጣችም። ወረቀቱን አጥፋ በሁለት እጇ መልሳ ሰጠችኝና፣ «ከእርስዎ በኋላስ?» አለችኝ።

ይህን ሳላስብበት የኖርኩ አይምሰላችሁ። ያ መንገድ አሁን የድሮው መንገድ አይደለም። የአናጢው ቤት ተሸጧል፣ የአባይ ዶሮዎች የነበሩበት ቦታ ሞተር ሳይክል ይቆማል። ሠርጉ አዳራሽ ተከራይቶ ነው፤ የክርስቲያኑ ዕድርም የሙስሊሙ አፎቻም የየራሱን ድስት ገዝቶ የየራሱን ስም በቀለም ጽፎበታል። ድሮ በወር አራት አምስት ጊዜ ይወጣ የነበረው አሁን በዓመት ሁለቴ ቢወጣ ነው፤ አንዱ በአሹራ፣ አንዱ በሁዳዴ። ከሁለቱም ወገን ወጣቶች መጥተው፣ ለምን ታደባልቂዋለሽ፣ የየራሳችን አለን ብለውኛል። አንዱን ልጅ ከነእናቱ አውቀዋለሁ፤ እናቱ የአራስ አጥሚቷን የጠጣችው ከዚህ ድስት ነው። ነገርኩት። አላመነኝም። የጠፋው ይህ ነው፤ ድስቱ አልጠፋም፣ የሚያምን ሰው ነው የጠፋው።

ለኢክራም ግን ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ከእኔ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም አልኳት፤ እናቴም ሳታውቅ ነው የተቀበለችው። የማውቀው፣ አንዲት ሴት ከንብረቷ ሲሶ የምትሰጠውን ስታስብ፣ ከሞተች በኋላ ሁለት ዓይነት ሰው በአንድ ድስት ዙሪያ እንዲቀመጥ መፈለጓን ነው። ያን የሚፈልግ ሰው ከጠፋ ጥፋቱ የድስቱ አይደለም፣ የእኔም አይደለም።

ኢክራም ሄደች፤ ለገንፎም ድስቱን አልጠየቀችኝም። እኔ ጨርቁን አንስቼ ድስቱን በሎሚና በአመድ አጠብኩት፣ አደረቅሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ባዶውን ያረጃል እንጂ አይሰቀልም።